እሳት ያልነካው ቢላዋ

ያን ጊዜ አስተማሪ ከሆንኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ውሃ ቀጠነ ብዬ የምቆጣ ሴት ነበርኩ። ከሁሉም ከሁሉም ውሸታም አልወድም። የዋሸ ተማሪ ካገኘሁ ጠዋት ሰልፍ ፊት አቆመዋለሁ፤ በገዛ አፉ "ዋሽቻለሁ" እስኪል ማንም ወደ ክፍል አይገባም። ስንቱን ልጅ አስለቅሻለሁ። ይህን ያስቀደምኩት አንባቢ ቶሎ እንዳያዝንልኝ ብዬ ነው።

በደርግ ጊዜ ክረምት ለአስተማሪ እረፍት አልነበረም፤ አንዱ ዘመቻ ሲያልቅ ሌላው ይተካል። በዚያ ሐምሌ ተራው የችግኝ ሆነ። ከማስተምርባት ከከምባታዋ አንጋጫ ተነስተን ተራራውን እንወጣለን፣ ሸንተረሩ ላይ ድንኳን ተክለን እናድራለን፣ በማግስቱ ሸንተረሩን ይዘን ችግኝ እየተከልን ሄደን በዳምቦያ በኩል እንወርዳለን። ሃያ አራት ተማሪዎች፣ ሁለት የሸራ ድንኳን፣ ከወረዳ የተላከ አንድ የዘመቻ ኃላፊና እኔ ነበርን። ኃላፊው ከአዲስ አበባ ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ ለዚያ ጭቃ ነጭ ሸራ ጫማ አድርጎ መጣ። እኔ ደግሞ የሆሳዕና ልጅ ነኝ፣ ዝናብና ዳገት አውቃለሁ ብዬ ከፊት ከፊት እል ነበር። ልጆቹ ፊት ጎበዝ መስሎ መታየት ደስ ይለኛል፤ እሱ ፊት ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኝ ነበር።

ዝናቡ ግማሽ መንገድ ላይ ያዘን። የክረምት ዝናብ ነው፤ አይቸኩልም፣ ግን ደግሞ አይተውም። ችግኞቹ የበቀሉበት አፈር እየሟሟ በልጆቹ ክንድ ላይ መውረድ ጀመረ። መንገድ ዳር ሰው የሌለበት ቤት አገኘን፤ ጓሮው እንሰት ነበር። ዳቦ ለመቁረጥ ብዬ የያዝኩትን ቢላዋ ከቦርሳዬ አወጣሁና ያንን ሰፋፊ ቅጠል ቆረጥኩት። ገሚሱን ለችግኞቹ መጠቅለያ፣ ገሚሱን ለልጆቹ ራስ መከለያ አደልኩ። ኃላፊው ሳቀና "እንዲህ ነው እንጂ ጓድ!" አለኝ። ልቤ ሞቅ አለ።

እንሰቱ ግን ታሞ ነበር። አይቻለሁ። የመሃሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጠውልጎ ታጥፏል፤ ስቆርጠው ዝልግልግ ያለ ቢጫ ፈሳሽ ወጥቶ ስለቱ ላይ ቀረ። በእንሰት ያደገ ሰው ይህን አይስትም። ለማያውቅ ልንገር፦ እንሰት ተተክሎ ቆጮ እስኪሆን ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል። ጓሮው የቤቱ ጎተራ ነው፤ የጓሮው አዛዥ ደግሞ ሴቷ ናት። ያ በሽታ ከገባ ጓሮውን ይጨርሳል፣ ከጓሮ ወደ ጓሮ ይዞት የሚሄደውም ቢላዋ ነው። ስለዚህ የኛ አገር ሴቶች የእንግዳ ቢላዋ ወደ እንሰታቸው አያስጠጉም፤ ካስጠጉም መጀመሪያ ስለቱን እሳት ላይ አገላብጠው ነው። እናቴ ለገዛ እህቷ እንኳ ቢላዋ አታውስም ነበር። እኔ ግን ቢላዋውን በሹራቤ ጫፍ ጠረግኩና ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።

ሸንተረሩ ላይ ስንደርስ ሊመሽ ነበር። ከላይ ሲታይ ግራውም ቀኙም ጉም ነው፤ አንጋጫ የት እንደቀረች፣ ዳምቦያ በየት በኩል እንደሆነች አይታወቅም። ድንኳኖቹን እንደምንም ተከልን። ሸራው አሮጌ ስለነበር ውጭ የሚዘንበው ውስጥም ዘነበ። ልጆቹ የያዙትን በሶ ሊበጠብጡ ቢሞክሩ ጣታቸው በብርድ ደንዝዞ አልታዘዝ አላቸው፤ አንዷማ ማልቀስ ጀመረች። ከሸንተረሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጭስ የሚወጣበት ቤት ይታያል። "ቅጠል ለምነን ድንኳኑን እናልብሰው" አልኩ። ከኃላፊውና ከአራት ልጆች ጋር ወረድን።

ባለቤቲቱ ባላቸው የሞተባቸው፣ ጠና ያሉ የከምባታ ሴት ነበሩ። ከልጃቸውና ከልጃቸው ሚስት ጋር ይኖራሉ። አስተማሪ መሆኔን ሲሰሙ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ጨበጡኝ።

"ቅጠል እያለ ሰው ዝናብ ይመታዋል እንዴ? ግቡ! የምትፈልጉትን ውሰዱ!" አሉ።

ጓሯቸው ያምር ነበር። ትልልቆቹ እንሰቶች ለመስቀል የተጠበቁ መሆናቸውን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ የኛም ቤት እንደዚያው ነው።

ምራታቸው ከኋላቸው ቆማ ታየኛለች። ከኔ ብታንስ እንጂ አትበልጥም፣ ከተዳረችም ዓመት አልሞላትም። ከአነጋገሬ የሀድያ ልጅ መሆኔን አውቃ ኖሮ ጠጋ አለችኝ። ቀስ ብላ፣ በሀድይኛ፣ እሷም የሀድያ ልጅ እንደሆነች፣ ከሆመቾ በኩል እንደመጣች፣ በአባቷ አገር በሽታው ጓሮ እየጨረሰ እንደሆነ ነገረችኝ። ቀጥላም ቢላዋዬ እሳት ነክቶት እንደሆነ ጠየቀችኝ። በቋንቋችን የጠየቀችኝ አማቷና ኃላፊው ፊት ልታሳፍረኝ ስላልፈለገች ነው። ይህ ዛሬ የገባኝ ነገር አይደለም፤ ያኔውኑ ገብቶኛል።

እሳቱ ሦስት እርምጃ ላይ ይነድ ነበር። በሩ ክፍት ስለነበር ነበልባሉ ይታየኛል። "አልነካውም፤ እንኪ፣ እሳት አስነኪው" ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን እንደዚያ ካልኩ የት እንደቆረጥኩበት ልትጠይቀኝ ነው። ሳላስፈቅድ ከሰው ጓሮ፣ ያውም ከታመመ እንሰት መቁረጤ ሊወጣ ነው፤ በጉብዝናዬ ያመሰገነኝ ሰው ደግሞ አጠገቤ ቆሟል። ሌላም አለ፣ አልደብቅም። ፊደል ያልቆጠረች ልጅ እኔን አስተማሪዋን ስትመረምረኝ ተናደድኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ በአማርኛ መለስኩላት።

"በእሳት አልፏል! እኔም የእንሰት ልጅ ነኝ፣ አታስተምሪኝ!"

አማቷ ደነገጡ። "አንቺ ልጅ! እንግዳ እንዲህ ይጠየቃል? አስተማሪ እኮ ናት!" ብለው ተቆጧት። ከዚያ ወደኔ ዞረው "ልጅ ናት፣ አታውቅም" አሉኝ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ወደ ውስጥ ገባች። እኔም ከትልልቆቹ እየመረጥኩ ቆረጥኩ፣ አራቱ ልጆች ተሸከሙ፣ ኃላፊውም ሁለት ቅጠል በራሱ ላይ አድርጎ እየሳቀ ወጣ።

ድንኳኑ ቅጠሉን ሲለብስ ማፍሰሱን ተወ። ያለቀሰችው ልጅ እንኳ መዝፈን ጀመረች። ተቃቅፈን ተኛን፤ ዝናቡ ቅጠሉ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። ጠዋት ወርጄ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ ጠርጌዋለሁ፣ ዝናቡም አጥቦታል፣ ምንም አያመጣም እላለሁ። በዚህ መሃል እንቅልፍ ወሰደኝ። ቢያንስ እንቅልፍ አጥቼ ባድር ኖሮ ዛሬ የምለው ነገር ይኖረኝ ነበር። ግን ጥሩ እንቅልፍ ነበር የተኛሁት።

ጠዋት መውረድም አላስፈለገኝም፤ ምራቲቱ ራሷ መጣች። አማቷ ልከዋት በዚያ ጭቃ፣ ያንን ዳገት ወጥታ፣ ለሃያ አራት ልጅ የሚበቃ ትኩስ ቆጮና ጎመን ተሸክማ ደረሰች። ልጆቹ ተሻሙበት። እሷ ጥቅሉን ፈትታ ከሰጠችን በኋላ ወዲያው አልሄደችም፤ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች። የምትጠብቀው ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ኃላፊው ድንኳን ያፈርሳል፣ ልጆቹ ይበላሉ፣ ማንም አይሰማንም። በሀድይኛ አመሰገንኳት፤ ማታ የነፈግኳትን ቋንቋ ያን ጊዜ አገኘሁት። "ምንም አይደል" አለችና ወረደች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ቀኑን ሙሉ በሸንተረሩ ላይ ሄድን። ጉሙ ሲገለጥ ከታች ጎጆና ጓሮ፣ ጎጆና ጓሮ ብቻ ይታያል። ልጆቹ እየዘፈኑ ይተክላሉ፤ እኔ ጉድጓዱ ጠባብ ነው፣ ችግኙ ጠሟል እያልኩ እቆጣቸዋለሁ። ማታ ዳምቦያ ስንደርስ ኃላፊው ስለ ቅጠሉ ለሰው ሁሉ አወራ፤ እኔም ቆሜ አዳመጥኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔው ሲያድር ደፈረሰ።

ከገና በኋላ አንጋጫ ገበያ ላይ አንድ ሰው ከኋላዬ "አስተማሪ!" ብሎ ጠራኝ። ዞር ስል ያን ማታ ቅጠል የሰጡን ሴትዮ ናቸው። ከስተዋል። አገላብጠው ስመውኝ ልጆቹ ደህና መሆናቸውን ጠየቁ፣ በዝናቡ የታመመ አለ ወይ አሉ። እኔም ለልማድ ያህል "ቤትስ ደህና ነው?" አልኩ።

"ምን ደህና አለ የኔ ልጅ! እንሰቴ አለቀ። መጀመሪያ ትልልቆቹ ጠወለጉ፣ ከዚያ ትንንሾቹ ተከተሉ። ነቅለን ቀበርነው። አሁን እንግዲህ ቆጮ ገዝቼ ልበላ ነው ገበያ የመጣሁት።"

"ከምን መጣ?" አልኩ። ይህንንም ጠየቅሁ።

"ከምራቴ ነው እንጂ ከምን ይመጣል? ስትዳር ከአባቷ ቤት ቢላዋ ይዛ መጥታ ነበር። አገሬ በሽታ አለ ብላ ራሷ ትናገር የለ? ልጄ ወደ አባቷ ቤት መለሳት።"

በሁለት በኩል ሰው እየገፋን ያልፋል። አሁን ልናገር ነው ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ በእውነት ከፍቻለሁ። እሳቸው ግን ቀደሙኝ።

"እኔን ያሳፈረኝ ደግሞ የተናገረችው ነው። 'የአስተማሪዋ ቢላዋ ነው ያመጣው' አለች እኮ! በዝናብ የመጣ እንግዳ ላይ ጣለችው! ልጄም ይበልጥ የተቆጣው በዚህ ነው። ቢላዋው ቢሆን ይቅር እላት ነበር፤ በሰው ላይ የምትዋሽ ሴት ግን ቤቴ አትኖርም አለ።"

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። ሻካራ፣ ሞቃት እጅ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ አሳፋሪ ነገር ደርሶብኛል፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ የተመኘሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

"እኔ በሷ ፈንታ ይቅርታ እለምንሻለሁ" አሉኝ። "ስምሽን አጥፍታለች፣ አውቃለሁ። ግን ልጅ ናት፤ ቂም አትያዥባት። ለእግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በያት።"

"ይቅር ብያታለሁ" አልኳቸው፤ እሳቸውም እዚያው ገበያ መሃል ቆመው መረቁኝ።