ጥሩምባ የተሳሳተች ዕለት

ሚኒባስ ተራው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ጥሩምባ» ነው የሚሏት። ሰባን ብትሻገርም ማዶ ሰፈር ለሚሄደው መኪና «ማዶ! ማዶ! አንድ ሰው የቀረው!» ስትል አሥር ረዳት አንድ ላይ ቢጮህ አይችላትም። ተራ አስከባሪ ሆና ስትኖር አንድም ሰው ወደማይሄድበት ሰፈር ልካ አታውቅም፤ ይህንንም ሳትናገር አትውልም።

አንድ ጠዋት ግን ወደ ገበያ የሚሄደውን መኪና «ማዶ!» ብላ ሞላችው። ሹፌሩ ደግሞ የገዛ ልጇ ነው። መንገድ ላይ ተሳፋሪው ሲንጫጫበት ነገሩ ገባውና ሁሉንም ይዞ ተመለሰ። እናቱን አጥር ተደግፋ አገኛት።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«አባትህ ምሳ በላ?» አለችው። አባቱ ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ረዳቶቹ ሳቁ። የተራው ኃላፊ ግን ከንፈሩን መጠጠና «እርጅና ብቻውን አይመጣም። ከእንግዲህ ቤቷ ትረፍ፤ ሌላ ሰው እንተካለን» አለ።

ልጁ ደሙ ፈላ። «ትናንት ማታ በነገር ስትጠብሰኝ ያመሸች ሴት በአንድ ሌሊት አትጃጅም!» ብሎ ደግፎ ወደ ሆስፒታል ወሰዳት። እውነቱን ለመናገር እሱም ፈርቶ ነበር። ትኩሳት የላት፣ ሳል የላት፤ ትንፋሿ ብቻ ቶሎ ቶሎ ይላል።

ሐኪሟ ደረቷን አዳመጠች፣ ራጅ አስነሳቻት። «የሳንባ ምች ነው» አለችው። «የሳንባ ትናንሽ የአየር ከረጢቶች ፈሳሽ ሞልቷቸዋል፤ ኦክስጅን እንደ ልብ ወደ ደም አይገባም። ወጣት ቢሆን ያተኩሰዋል፣ ያስለዋል። አዛውንት ላይ ግን አንዳንዴ ቀድሞ የሚታየው ግራ መጋባት ነው። እርጅና ነው ብለው ቤት ቢያስተኟቸው ኖሮ ሊሞቱ ይችሉ ነበር።»

አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን አደረጉላት፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም በደም ሥሯ ጀመሩላት። ልጁ ከአጠገቧ አልጠፋም። አንድ ጠዋት ዓይኗን ገለጠችና ገላመጠችው።

«አንተ ሰነፍ! እዚህ ተጎልተህ መኪናውን ማን እየነዳው ነው?»

ይህን ስድብ ሲሰማ በደስታ አለቀሰ።

ቤት ከገባች በኋላ ሻል ቢላትም የታዘዘላትን እንክብል አላቋረጠችም፤ እስከ መጨረሻው ዋጠችው። ጉልበቷ ቀስ ብሎ ተመለሰና ተራው ላይ ቆመች። ድምጿ ገና አልጠናም፤ ሁለቴ ጠርታ አንዴ ታርፋለች። ኃላፊው ሊቀልድ ፈልጎ «ዛሬስ ተሳስቼ አላውቅም ትያለሽ?» አላት።

«አንድ ቀን ተሳስቻለሁ» አለች፣ መኪናው ውስጥ ያለው ልጇ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ደግነቱ የት እንደሚወስደኝ የማይሳሳት ሹፌር ወልጄ ነበር።»

ከዚያ ደረቷን ነፍታ ተጣራች። «ማዶ! ማዶ! አንድ ሰው የቀረው!»