ከፍርግርጉ ውስጥ ሆኜ ኦስሎን ያየሁ ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ሐምሌ ነው። ያን ቀን እህቴን አንድ ነገር ልለምናት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሳልለምናት ቀረሁ። እስከ ዛሬ በተደዋወልን ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ደቡብ አፍሪካ፣ ሶዌቶ፣ ክሊፕታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዳቦና ኤርታይም የሚሉትን የስልክ ካርድ የሸጥኩት በብረት ፍርግርግ ቀዳዳ ነው። የምተኛውም እዚያው፣ ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ ነው። ታላቅ እህቴ ምሕረት ግን ኖርዌይ፣ ሰሜን ጫፍ ባለች ትንሽ ከተማ አረጋውያንን እየተንከባከበች ትኖራለች። እውነቱን ለመናገር ስቀናባት ነው የኖርኩት።

ለእረፍቷ ሦስት ቀን መኪና ነድታ ኦስሎ ገባች። "ዛሬ ከተማውን አብረን ነው የምናየው፤ ስልክህን እንዳትዘጋ" አለችኝ። በእነሱ በጋ ሰዓታችን አንድ ነው። ለቀኑ የሚበቃ ዳታ ሞላሁና ስልኩን የብስኩት ካርቶን ላይ አስደገፍኩት። ከተማውን አይታ ደስ ብሏት ስትጨርስ "እባክሽ እኔንም ወደዚያ ውሰጂኝ" ልላት ነበር። አነጋገሩን ሳምንት ሙሉ ተለማምጄዋለሁ።

ባሕሩን አሳየችኝ። ሰው ጣሪያው ላይ የሚራመድበትን ነጭ የኦፔራ ቤት አሳየችኝ። እኛ ጋ የብርድ ወቅት ነውና እኔ ሁለት ጃኬት ደርቤ እሷ በአጭር እጅጌ ትሄዳለች። ቀጥላ አንድ መናፈሻ ገባች፤ ለካ ሐውልቶቹ ሁሉ ራቁታቸውን ናቸው። ደንበኛ ፊት ነበርኩና ደንግጬ ስልኩን በዳቦ ከለልኩት። "የት ጠፋህ?" እያለች ሳቀችብኝ።

እየቆየ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። እኔ ከተማውን ልይ ስል እሷ የምታየው ሱቄን ነው። ሰው በመጣ ቁጥር "ማን ነው? ምን አለህ? እስቲ አዙረው" ትላለች።

"ኧረ ሻማ ፈልጎ ነው፤ ይልቅ ባሕሩን አሳዪኝ" እላታለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጎጎ መጡ። እዚህ አሮጊት ሁሉ ጎጎ ትባላለች፤ እኚህ በየቀኑ ግማሽ ዳቦ የሚገዙኝ ጎረቤቴ ናቸው። ፊታቸውን ፍርግርጉ ላይ ለጥፈው ስልኩን አዩና "ማን ናት?" አሉኝ። እህቴ መሆኗን ነገርኳቸው።

"ሳውቦና፣ ልጄ" ብለው በዙሉ ሰላም አሏት፤ ቀጥለው በተሰባበረ እንግሊዝኛ፦ "በልተሻል? ከማን ጋር ነሽ?"

የምሕረት ስልክ ወደ ሰማይ ዞረ። ስታለቅስ ብቻ ይሰማኛል።

"ማቴ፣ ሦስት ቀን መንገድ ላይ ስቆይ ያናገረኝ ሰው የለም" አለችኝ ኋላ። "ቤንዚን የምቀዳው ራሴ፣ ትኬት ከማሽን፣ የሆቴሉም በር በቁጥር ነው የሚከፈተው። በልተሻል ወይ የሚለኝ ሰው ካጣሁ ቆየሁ።" ቀጥላም፣ "አንተ ጋ ብመጣስ? ሱቁን አብረን እንሠራለን" አለችኝ።

እኔ የተለማመድኩትን እሷ ቀደመችኝ። ከጆንያው ጀርባ እንደምተኛ ነግሬያት አላውቅም። "እናስብበታለን" ብቻ አልኳት።

አሁን አልቀናባትም። ውሰጂኝም ብያት አላውቅም፤ እሷም ልምጣ ያለችውን አልደገመችውም። ጎጎ ለዳቦ ሲመጡ እደውልላታለሁ፤ እሳቸው መብላቷን ይጠይቃሉ፣ እሷም የበላችውን ትነግራቸዋለች። ጎጎ ከሄዱ በኋላ እኔና እሷ የምናወራው የለንም። ስልኩን ግን ሁለታችንም ቶሎ አንዘጋም።