በአንድ ፎቶ ሁሉም ቦታ የቆሙት ኦቦ ሙሜ

በስልካችሁ ፓኖራማ ስታነሱ አንዱ ጓደኛችሁ ለምን ሁለት ቦታ እንደሚወጣ ገርሟችሁ አያውቅም? እኔ መልሱን ከትናንት ወዲያ መሰላ፣ ተራራ ላይ፣ ላብ በላብ ሆኜ አገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተመርቄ ቤት ከተቀመጥኩ ሁለተኛው ክረምት አለፈ። የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳውን ሚስማሩ ሳይቀር በቃሌ ይዤዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን እዚህ ጭሮ ያለ አንድ ባለሀብት ፎቶ እንደማነሳ ሰምቶ ደወለልኝ። ሎጅ ሊሠራ ነው። ከመሰላ በኩል ካለው ተራራ ቁልቁል የሚታየውን አገር ከዳር እስከ ዳር በአንድ ሰፊ ፎቶ ፈልጓል። «ከወደድኩት የሎጁ ፎቶም ማስታወቂያም ያንቺ ነው። በቋሚነት» አለኝ።

በቋሚነት! ለእማዬ ወዲያው ነገርኳት።

ካሜራውን ከነማቆሚያው ከጓደኛዬ ከነኢማ ተዋስኩ። የሰርግ ፎቶ ቤት አላት። «ነገ ሰርግ አለብኝ። ማታውኑ ካልመለስሽ ሙሽራዋን በእርሳስ የምትስያት አንቺ ነሽ» ብላኛለች። ስለዚህ ያለችኝ ያቺ ቀን ብቻ ናት።

ቀኑን ሙሉ ጉም። ተስፋ ቆርጬ ልወርድ ስል ወደ አመሻሹ ድንገት ተገለጠ... ወላሂ፣ አገሩ ታጥቦ የተሰጣ ነው የሚመስለው! የጫቱ እርከን፣ ማሽላው፣ ከታች እስከ ቦርደዴ ያለው ቆላ... ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ተከልኩ። የመጀመሪያዋን ሳላነሳ ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«ያ ኢንተላ! አንቺ ልጅ! ንቀዪ ከዚህ!»

ሽርጥ የታጠቁ፣ ዶማ የተሸከሙ ሽማግሌ ናቸው። ኦቦ ሙሜ ይባላሉ። ከፊቴ ያለው እርከን የሳቸው ነው።

«አባባ፣ ፎቶ ነው የማነሳው።»

«ባለፈው የመጡትም ባለ ሦስት እግር ይዘው ነበር። ተከሉ፣ አዩበት፣ ሄዱ። ከዚያ ጎረቤቴ መሬት ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ድንጋይ በቀለ።»

«እነሱ ቀያሾች ናቸው። እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ።»

«ፎቶ አንሺ ሰው ነው የሚያነሳ። ሰው የታለ?»

ፀሐይዋ እየወረደች ነው። ለመንኩ፣ ማልኩ፣ በካሜራው እንዲያዩ አደረግኩ። ጎንበስ ብለው አዩና ጠየቁኝ።

«ስንት ፎቶ ነው?»

«ብዙ ነው። ከግራ ጀምሬ ትንሽ ትንሽ እያዞርኩ አነሳለሁ። በኋላ ኮምፒውተር ይገጣጥመውና አንድ ይሆናል።»

«እሺ። አንሺ» አሉና ቁልቁል ወረዱ።

አልሐምዱሊላህ ብዬ ጀመርኩ። አነሳሁ፣ ትንሽ አዞርኩ፣ አነሳሁ... ልቤ ያለው ብርሃኑ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ጉንዳን የምታክል ነገር ትታየኛለች። ገበሬ ነው ብዬ አለፍኩ። የመጨረሻዋን ሳነሳ ፀሐይ ጥልቅ አለች።

ኦቦ ሙሜ እያለከለኩ ዳገቱን ወጡ።

«ሁሉም ላይ ገባሁ?»

«ምን ላይ?»

«ስታዞሪው እሮጣለሁ፣ ደግሞ ስታዞሪው እሮጣለሁ!»

ዳግም ለማንሳት ብርሃን የለም፤ ነገ ደግሞ ካሜራ የለም። «ለምን?!» ብዬ ሽማግሌ ላይ ጮህኩ፤ አላህ ይማረኝ።

እሳቸው አልተቆጡም። «ባዶ ሆኖ ካዩት ባለቤት የለውም ይላሉ። ሰው ቆሞበት ካዩ ግን... ይሄ ማነው ብለው ይጠይቃሉ። አይጠይቁም?»

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጭራሽ እሳቸው ያባብሉኝ ጀመር። «አይዞሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ... ዓይኔን አልጨፈንኩም።»

በማግስቱ ጠዋት ነኢማ ፎቶ ቤት ገጣጠምኩት። በሕይወቴ እንዲህ ያምር ፎቶ አንስቼ አላውቅም። እና በየእርከኑ ላይ ኦቦ ሙሜ። ዶማቸውን ተደግፈው፣ ቀጥ ብለው። ሁለት ፎቶ የተጋጠመበት ቦታ ላይ ደግሞ ወገባቸው የለም፤ እግራቸው ብቻ ቆሟል። ነኢማ ወደ ሰርጉ ልትወጣ ስትል አየችውና «አቦ፣ ይሄ ሰውዬ ብቻውን ቀበሌ ሆነ እኮ!» ብላ ሳቀች። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። ለናሙና አሳንሼ፣ ከነይቅርታው ለባለሀብቱ ላክሁት።

ወዲያው ደወለ።

«ድንቅ ነው! ሥራው ያንቺ ነው። ሰውየውን ብቻ አጥፊልኝ።»

«ሁሉም ቦታ?»

«ሁሉም ቦታ። ለሸሪኮቼ ባዶ መሬት ነው ብያቸዋለሁ።»

ማጥፋት ቀላል ነው። ጀመርኩ። ከግራ ጫፍ ያሉትን ኦቦ ሙሜ አጠፋሁ... ቦታውን ሣር ሞላው። ሰው ረግጦት የሚያውቅ አይመስልም። ቀጣዩ ላይ እጄ አልሄድ አለ። ያጠፋሁትንም መለስኩት።

ደወልኩ። «አይጠፉም» አልኩት።

«እንዴት ነው የማይጠፋ? ኮምፒውተር አይደል እንዴ?»

«ሰውየው አይጠፉም፣ ጌታዬ።»

«ሌላ ፎቶ አንሺ አላጣም!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

እማዬ አሁንም ከየሶላቱ በኋላ ለአዲሱ ሥራዬ ዱኣ እያደረገች ነው። ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም። ሥራ የምታውቁ በአላህ፣ በእግዜር... ኢንቦክስ አድርጉልኝ።

ጭሮ፣ በደሳ፣ ቦርደዴ ያላችሁ ፎቶ አንሺዎች፦ ባለሀብቱ ለአንዳችሁ መደወሉ አይቀርም። ደውሎላችሁ ከሆነ ኮመንት ላይ ንገሩኝ። እምቢ በሉ አልልም፤ ሥራ ማጣትን እኔም አውቀዋለሁ። ግን ማቆሚያችሁን ከመትከላችሁ በፊት «ኦቦ ሙሜ!» ብላችሁ ተጣሩ። ካሜራውንም ቀስ ብላችሁ አዙሩት... በዚያ ዕድሜ እርከን ለእርከን መሮጥ ከባድ ነው።