እናቴ የቀየረችው የመኪና ቱቦ

ትናንት ፔዳ በሚባለው ሰፈር አንድ ታክሲ ኮፈኑ ተከፍቶ እየጨሰ ቆሞ አየሁ። የራዲያተሩ ውኃ የሚጣፍጥ የሚመስል፣ ግን የሚከረፋ ሽታ ሲደርሰኝ ልጅ ሳለሁ ሐይቅ ዳር ተከራይተን የኖርንበት ግቢ ትዝ አለኝ።

አባቴና እናቴ መስማማት አቅቷቸው፣ አባቴ ለብቻው መራዊ ከተማ ሊኖር ወስኖ ነበር። ሻንጣውን አሮጌ ፒካፑ ላይ ጭኖ ሊነሳ ሲል ከሞተሩ ኋላ ያለው የውኃ ቱቦ ፈነዳ። አዲስ ገዝቶ መጣና ሲታገል ዋለ። ወፍራም እጁ በዚያ ጠባብ ክፍተት አልገባ አለ፤ ክንዱ ተላልጦ ደማ። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ፣ ቱቦው እንዳይገባ ማርያምን እለምን ነበር።

እናቴ ከቤት ወጥታ እጅጌዋን ጠቀለለች።

"ዞር በል እስቲ። ያንተ እጅ አይገባም።"

"ትቆሽሻለሽ።"

"ግዴለም። ወዴት ነው የምገፋው?"

"ወደ ታች... ትንሽ ወደ ግራ። አዎ፣ እዚያ ጋ።"

እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ ሲነጋገሩ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ቱቦው ገባ። አባቴ ማሰሪያውን በካቻቢቴ አጠበቀና ውኃ ሞላ። ጥቂት ቆሞ አያት፤ ከዚያ እኔን ስሞኝ ሄደ።

እናቴ እጇን በሳሙና ስትታጠብ፣ "ለምን አገዝሽው?" አልኋት እያለቀስሁ።

"መሄዱ ካልቀረ፣ መንገድ ላይ ቆሞ እንዲንገላታ አልፈልግም" አለችኝ።

የእሷም እጅ ባይገባ ኖሮ አባቴ እኛው ጋ ያድር ነበር ይሆን? እናቴ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ይህን ግን ጠይቄያት አላውቅም።