አራት ሳጥን ለአራት ልጅ

የእናቴ ወንድም በቦንጋ ዙሪያ የሟች ቡና መሬት ሲከፋፈል የሚጠራ ሽማግሌ ነው። በገመድ ይለካል፣ ድርሻ ይመድባል። አንዱ የወሰደውን ሌላው አይወስድም። ደህና ሥራ ነው። ችግሩ በሽታም በገመድ የሚለካ የሚመስለው መሆኑ ነው።

አባታችን በኩላሊት ሞተ። ከዚያ ሁለቱ ታላላቅ እህቶቻችን ታመሙ። ጂማ ያዩዋቸው ሐኪም በሽታው በዘር የሚመጣ መሆኑን፣ እያንዳንዱ ልጅ የመያዝ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ መሆኑን ተናገሩ። የቀረነው ሁለት ወንዶችም አልትራሳውንድ እንድንታይ አዘዙ። አብሮ ሄዶ የነበረው አጎቴ ይዞ የተመለሰው ግን "ግማሽ" የሚለውን ብቻ ነው። ልጆቹ አራት፤ ግማሹ ሁለት፤ ሁለቱን ሴቶቹ ወስደዋል፤ ወንዶቹ ነፃ ናቸው አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ልክ ነው አለ። ጉድ የሆነ ሂሳብ አዋቂ።

ወንድሜ አልተዋጠለትም። ራሱን እያመመው ነበር። እኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፣ በባዮሎጂ አንደኛ።

"አንተ የተማርከው ምን ይላል?" አለኝ።

ደብተሬን ገለጥኩ። መምህራችን ስለ ዘር ውርስ ሲያስተምሩ ያሳዩን አራት ሳጥን አለ፤ ሁለቱ የጠቆሩ። ሳጥኖቹ የአንድ ልጅ ዕድል ናቸው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ አዲስ ይሳላሉ ብለው ነበር። ከሥሩ ጽፌዋለሁ። በራሴ እጅ። አላነበብኩትም። በጠቆሩት የእህቶቼን ስም ጻፍኩ፣ በነጮቹ የኛን።

"ወንድም ጋሼ፣ አንተ ነጩ ውስጥ ነህ" አልኩት።

ሳቀ። ጂማ መሄዱንም ተወው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ዋጫ ገበያ ላይ የቡና ጆንያ ሲያነሳ ወደቀ። ኩላሊቱ እንደ አባታችን ታሞ ነበር። የደም ግፊቱም ማንም ሳያየው ለዓመታት ከፍ ብሎ ኖሯል፤ ቀድሞ ታይቶ ቢሆን መድኃኒት ነበረው አሉን ሐኪሞቹ። በሳምንቱ ሞተ።

ልቅሶው ላይ አጎቴ አጠገቤ ተቀመጠ። ሂሳቡን አሻሽሎ መጥቷል።

"ያንተንም ተሸክሞልህ ሄደ። ከእንግዲህ አይነካህም" አለኝ፣ ሊያጽናናኝ። ዙሪያውን የተቀመጡት አሜን አሉ።

እሱን መናቅ ቀላል ነው። ያለው ገመድ ብቻ ነው። እኔ ግን... ደብተር ነበረኝ።

በሠልስቱ ማግስት ለምርመራ ወደ ጂማ ተሳፈርኩ። ሦስቱ ከተያዙም በኋላ የኔ ግማሽ ያው ግማሽ ነው። ማንም አልወሰደልኝም።