«ገባብን» የተከለከለበት ክረምት

ልጅ እያለሁ በእኛ ሰፈር «ገባብን!» ተብሎ የሚጮኸው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር። ቤታችን ከወረታ ወደ ጣና ሲወርዱ፣ ከርብ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ሜዳው ላይ ነው። የፎገራን ክረምት ያየ ሰው ያውቀዋል። ጉና ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ፀሐይ ወጥታ እህል ባሰጣንበት ቀን ሊሆን ይችላል፤ ወንዙ ሞልቶ ዳሩን ይጥስና ሜዳውን ይውጠዋል። ያኔ ወንዙን የሚጠብቀው ሰው «ገባብን!» ይላል። የሰማ ሁሉ ተቀብሎ ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። ማን አለ፣ እውነት ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ከብቱን ፈትቶ፣ ልጁን አዝሎ፣ ጉብታው ላይ ወዳለው ጊዮርጊስ መሮጥ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ነው እንግዲህ የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ደምሴ ከነራዲዮኑ የመጣብን። ዓመተ ምሕረቱን ጠይቃችሁ አታድክሙኝ፤ የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። ጋሼ በልጅነቱ ወጥቶ ወታደር ሆኖ ሲኖር ጉልበቱን ተጎድቶ ተሰናበተና፣ እያነከሰ፣ ራዲዮኑን በጋቢ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎ እኛ ቤት ገባ። መሬት የለውም፣ በሬ የለውም፣ ማረስም ረስቷል። የሰፈሩ ሰው የሚያከብረውና የሚጠይቀው ለራዲዮኑ ነበር። እሱም ያውቀው ነበር መሰለኝ፣ የደከሙ የባትሪ ድንጋዮቹን በምድጃው ዳር ደርድሮ ሲያሞቅ እንኳን ፊቱ የቄስ ፊት ይመስል ነበር።

ያ ክረምት የስፖርት ክረምት ነበር። አገራችን በኳሱም፣ በብስክሌቱም፣ በሩጫውም ሰው ልካ ነበርና ራዲዮኑ ሌላ ወሬ ያለውም አይመስል። መጀመሪያ ብስክሌተኞቻችን ከኋላ ቀሩ። ብስክሌት በዓይኔ አይቼ የማላውቅ ልጅ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። እናቴ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ «ቀደሙን» አልኋት። «እነማን?» ስትለኝ ወደ ራዲዮኑ ጠቆምሁ። ጋሼ ግን ገብቶት ራሴን ደባበሰኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሱ ጎን የሚነቀንቀኝ አልተገኘም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ የኳሱ ተራ ሆነ። ዝናቡ ይዘንባል፤ ጋሼና የሰፈሩ ጎረምሶች መደቡን ሞልተውታል፤ ቤቱ በእርጥብ ጋቢና በኩበት ጭስ ታፍኗል። ተናጋሪው ይፈጥናል፣ ድምፁ ይርቃል፣ ይመለሳል። ገና ወጋችንን ሳንጨርስ ከወዲያ ሆታ ተሰማ፤ ተናጋሪው «ጎል!» አለ። የእነሱ ነበር። ጋሼ በዚያ ሻለቃ ሙሉ ሰው ያዝዝበት በነበረ ድምፁ «ገባብን!» ብሎ ጮኸ። ጎረምሶቹም ተቀብለው «ገባብን! ገባብን!» አሉ።

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ጓሮ ሆና ሰማች። ምን ታድርግ፣ እንዳሳደጓት አደረገች፤ ተቀብላ ለቀጣዩ ቤት ጮኸች። ቀጣዩ ለቀጣዩ። እኛ ቤት ውስጥ በሁለተኛው ጎል ስንቃጠል፣ ውጭ ሜዳው ሁሉ በዝናብ ወደ ጊዮርጊስ ይሮጥ ነበር። ጨዋታው አልቆ፣ ተሸንፈን፣ አንገታችንን ደፍተን ስንወጣ ሰፈሩ ባዶ ነው። ውሻ እንኳን የለም። እናቴንም ያገኘናት ማምሻውን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ጥጃ በገመድ ይዛ፣ ከወገቧ በታች ጭቃ ሆና ነው። እትዬ ጥሩ ደግሞ የሊጥ ቡሃቃዋን ተሸክማ ሮጣ ግማሹ በጀርባዋ ወርዷል። አሁን ሳስበው እስቃለሁ፤ የዚያን ቀን የሳቀ አልነበረም።

ወንዙን የሚጠብቁት አያ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። የዚያን ዕለት ዳሩ ላይ ቆመው ርብን ያያሉ፤ ርብ በቦታው ነው። ዞረው ሜዳውን ያያሉ፤ ሰው ይሮጣል። «እኔ እዚህ ቆሜ ከየት ገባ?» ብለው ራሳቸውን ተጠራጠሩ አሉ። ነገሩን ሲረዱ ጋሼን በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሾላው ሥር ለሽምግልና ጠሩት።

ቅዳሜ ማታ ጋሼ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። «እህቴ፣ ራዲዮኑን ዝጋ ካሉኝ እዚህ ምን አለኝ? ለእርሻ እግር የለኝ። ወደ መጣሁበት እመለሳለሁ።» እናቴ «አፍህን ያዝ» አለችው፤ ድምፅዋ ግን ፈርቷል። እኔም ፈራሁ። እስከዚያ ድረስ የፈራሁት ራዲዮኑ ተዘግቶ የቀረን ሩጫ ሳይሰማ እንዳያልፍብን ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ጋሼ ሄዶ መደቡ ባዶ ሆኖ ታየኝና ሩጫው ከነነፍሱ ገደል ይግባ አልሁ።

በማግስቱ ሾላው ሥር ሴቱም ወንዱም ተሰበሰበ። አያ ታከለ ዱላቸውን አስደግፈው ተቀመጡና «በል ንገረን» አሉት።

«አያ፣ አጥፍቻለሁ። ነገር ግን አንቱም ፍረዱኝ፤ የተሸነፈችው እኮ አገር ናት» አለ ጋሼ።

«አገርማ አየኋት» አሉ አያ ታከለ፤ «ሊጥ ተሸክማ በጭቃ ስትንደፋደፍ አየኋት።»

ሰው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። «በዝናብ መሮጡ ምንም አይደል፣ እግር ይታጠባል። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። ነገ የእውነቱ ሲገባ ይኸ ሕዝብ ‹የራዲዮኑ ነው› ብሎ ቢተኛሳ? ይቺ ቃል እኮ አባቶቻችን ያቆዩልን ታንኳ ናት። ከበሳሃት እንሰምጣለን።»

ጋሼ አቀርቅሮ ቀረ። አንዱ ሽማግሌ «ይዘጋ» አለ፤ ሌላው «እስከ መስቀል ይዘጋ» አለ። አያ ታከለ ግን «ልጁ ከጮኸ አይቀር የሚጠቅመንን ይጩህልን» አሉ። «ከእንግዲህ ሲያገቡባችሁ ‹ገባ› የምትል ቃል ከአፋችሁ እንዳትወጣ። ‹ጎደለ› በሉ። ውሃ ጎደለ ተብሎ የሮጠ ሰው የለም፤ የሰማም ቢሆን ደስ ብሎት ይውላል።» ፍርዱ ይኸው ሆነ። እናቴ መሬት ሳመች።

በነሐሴ የኳሱ ሁለተኛ ጨዋታ መጣ። እንደ ፍርዱ አደረግን። የመጀመሪያው ሲቆጠርብን ጋሼ ጥርሱን ነክሶ «ጎደለ!» አለ። ከውጭ እትዬ ጥሩ «እልልልል!» አለች። ሁለተኛው ሲቆጠር «ጎደለ!» አልን፤ እልልታው ከሦስት ቤት መጣ። ተንኮላቸው ነው እንጂ በነሐሴ ውሃ እንደማይጎድል ያጡት አይምሰላችሁ። ሦስተኛው ላይ ጋሼ ራሱ መሳቅ ጀመረ፤ እንባው እየወረደ ይስቃል። እንደዚያ ተዋርደን፣ እንደዚያ የታጀብንበት ሽንፈት ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

የቀረው ሩጫው ነበር። ሌላው ሁሉ ቢቀር በእሱ አንታማም ብለን ነበር። ሯጫችን ከፊተኞቹ ጋር ነው አለ ተናጋሪው። ጋሼ ጆሮውን ራዲዮኑ ላይ ለጥፎታል፤ እኔ የጋሼን ጋቢ ጨምድጄ ይዣለሁ። ቀኑ ብራ ነበር፤ ጠብታ የለም። «አሁን ዳገቱን ሊጀምሩ ነው» ሲል ከሩቅ አንድ ቀጭን የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ። አያ ታከለ ናቸው። «ገባብን!»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔ አልተነሣሁም። ዓይኔ ራዲዮኑ ላይ ነበር። ጋሼ ግን ያ የማይታጠፍ ጉልበቱ ከየት እንደታጠፈ እንጃ፣ ቃሉ ሳያልቅ በሩ ላይ ነበር። አጥሩ ላይ ወጥቶ በዚያ በታወቀ ድምፁ «ገባብን!» አለ። የአያ ታከለ ድምፅ ከሦስት ቤት አያልፍም፤ የእሱ ግን ማዶ ደረሰ። ሰው አላመነታም። ከብቱ ተፈታ፣ ሕፃኑ ታዘለ፣ ሜዳው ተንቀሳቀሰ። እኔን በአንድ እጁ ብብቱ ሥር ከትቶ ሲወጣ ውሃው ደጃችን ላይ እበቱን እያንሳፈፈ ነበር። ሰውም ከብትም አልጠፋብንም። ራዲዮኑ ግን መደቡ ላይ እያወራ ቀረ።

ውሃው ሲሸሽ ተመልሰን አገኘነው። ጋሼ ፈታው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው፣ በምድጃ ዳር አስቀመጠው። ዳግመኛ አልተናገረም። እኔ በየጧቱ የምነቃው ጋሼ ልብሱን ሲሸክፍ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። እሱ ግን አያ ታከለ ዘንድ መዋል ጀመረ፤ የክረምቱ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ዳሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ታዩ። ለመስቀል ሽማግሌዎቹ ቤት መሥሪያ የሚሆን ቦታ ከጉብታው ሥር ሰጡት። እዚያው አግብቶ፣ እዚያው ወልዶ፣ ወንዙን ሲጠብቅ ኖሮ ሞተ።

የሩጫውን ነገር የሰማነው ከወረታ የመጣ ጨው ነጋዴ ነግሮን ነው። ሯጫችን ዳገቱ ላይ አሞት አቋርጦ ወጥቷል። ጋሼ ያኔ አለቀሰ፤ እንደ ኳሱ ጊዜ በእልልታ የሚሳቅ አልነበረም። አያ ታከለ ጎኑ ተቀመጡና «ለመሆኑ ሰውየው በደኅና አገሩ ገባ?» አሉት። «ገባ» አለ ጋሼ። «እንግዲያስ ተመስገን በል» አሉት።

ዛሬ ያ ሜዳ ሩዝ ነው። በልጅነታችን ስሙን እንኳን የማናውቀው እህል ጓያውንና ሽምብራውን አባርሮ አገሩን አረንጓዴ አድርጎታል። ወንዙንም በግድብ ያዝነው ይላሉ፤ ይሁን። በቀደም ክረምት የእህቴን ልጆች ልጠይቅ ወረታ ወርጄ፣ አንድ ኳስ ማሳያ ቤት በር ላይ የአገሬን ማልያ በቴሌቪዥኑ ባየው ጊዜ እግሬ አልሄድ አለኝ። ገብቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። ጎረምሶቹ ሻሽ ያሰረች አሮጊት አይተው ተጠቃቀሱ። ሦስተኛው ሲቆጠርብን አንዱ «ድሮስ!» አለ፤ እየተንጠራሩ፣ እየሳቁ ወጡ። የተናደደ እንኳን አላየሁም። በባዕድ አገር ክለብ ሰበብ ግን ጠዋት ተደባድበው እንደነበር ኋላ ሰማሁ። እኔ ደግሞ ቀናሁ፤ በእነሱ ሳይሆን በዚያ ጭቃ ውስጥ በነበርነው በእኛ ቀናሁ።

የባለቤቱ ልጅ ጣቢያውን ሊቀይር እጁን ዘረጋና አየኝ። «እማማ፣ አልቋል እኮ። ምን ይጠብቃሉ?»

«ልጆቻችን በደኅና ከሜዳ ይውጡ» አልሁት።

«እነሱ እኮ አያዩዎትም።»

«አይዩኝ፤ እኔ ልያቸው።»