ሳይቀመስ የቀረው ስንቅ

ዛምዛም መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ታይዋን የሚባለው ገበያ ሰልባጅ ልብስ ስትሸጥ እንኳ ወንበሯን ለደንበኛ ለቃ ቆማ ነው የምትውለው። ጦልሃ ከታሰረ ወዲህማ ጭራሽ እግሯ አላረፈም። ሱቋን ለጎረቤት ጥላ፣ መጋላ ሰፈር ካለው ቤቷ ወደ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከጣቢያ ወደ ጠበቃዋ ኑኃሚን ስትል ትውላለች።

ጦልሃ ተከራይዋ ነው። ከድንበር ማዶ፣ በአገሩ መንግሥት ላይ ጽፎ ታስሮ፣ አምልጦ ነው የመጣው። ቤቱን ሲከራይ ጥፍሮቹ ተጣመው በቅለው ነበር፤ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል። ምን እንዳደረጉት አልጠየቀችውም። ከሰልባጁ ክምር ቁልፍ የሌለውን ሸሚዝ እየመረጠች ታመጣለት ጀመር። እሱም ‹‹ኤዶ›› ይላት ጀመር፤ አክስቴ ማለቱ ነው።

አሁን ያ መንግሥት ‹‹ሰውዬውን መልሱልኝ›› አለና ጦልሃ ተያዘ። ይሰጥ፣ አይሰጥ የሚለውን ፍርድ ቤቱ ለሐሙስ ቀጥሮታል። የዛምዛም ፍርሃት ከሐሙስ በፊት እንዳይወስዱት ነው።

ስንቅ የሚቀበላት ሀብተ ማርያም የሚባል ፖሊስ ነው። ደንቡ፣ ያመጣው ሰው ፊቱ ቆሞ እንዲቀምስ ነው።

‹‹አቦ፣ ልጄን በገዛ እጄ ልመርዘው ነው?›› ትለዋለች ሁልጊዜ።

‹‹ቅመሺ፣ እናቴ። ደህና አድርገሽ ጉረሺ!››

‹‹በዚህ ዓይነት እሱ ሲከሳ እኔ ልፈነዳልህ ነው!››

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሩዝ በፍየል ሥጋ ይዛ ደረሰች። ሀብተ ማርያም ሳህኑን ተቀብሎ፣ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት ጠረጴዛው ሥር አኖረው።

‹‹አላስቀመስከኝም›› አለችው።

‹‹ዛሬ ይቅር። ሂጂ፣ ፀሐዩ በርትቷል።››

እስረኛ የማይበላውን ምግብ ማን ያስቀምሳል?

‹‹የት ወሰዳችሁት?››

የሀብተ ማርያም ዓይን ወደ ግቢው ውስጥ ሸሸ። አንድ ፒክአፕ ሞተሩ ተነሥቶ ቆሟል።

እየሮጠች ወጥታ ስልክ መታች። ‹‹ኑኃሚን፣ ሊወስዱት ነው!›› ከዚያ ድሪያ ቀሚሷን ሰብስባ፣ መቀመጥ የማታውቀዋ ሴት የግቢው በር መሐል ላይ ዘጭ አለች።

ሾፌሩ ክላክሱን አቀለጠው። ‹‹ሴትዮ፣ ተነሺ!››

‹‹በላዬ ላይ ንዳው!››

ጦልሃ በሁለት ፖሊሶች መሐል ሆኖ አንገቱን ወደ መስኮቱ አሰገገ። ‹‹ኤዶ፣ ተነሺ፣ ይጎዱሻል!››

‹‹አንተ ዝም በል! ማን ጠየቀህ?››

ባጃጆች ቆሙ፤ ሰው ተሰበሰበ። ሰው ባየበት ሊጎትቷት አልደፈሩም። ኑኃሚን ከፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ ይዛ ስትደርስ ቀትር አልፎ ነበር፤ እስከ ሐሙስ ከከተማ እንዳይወጣ ይላል። የጣቢያው አለቃ ሁለቴ አነበበው፤ አጉረመረመ። ሞተሩ ጠፋ። ጦልሃን ወደ ውስጥ መለሱት።

‹‹አሁን ቤትሽ ግቢ›› አለቻት ኑኃሚን።

‹‹ከሐሙስ በኋላስ?››

‹‹እንከራከራለና! ሰው ወደሚሰቃይበት አገር አይላክም፤ ሕጉ ከእኛ ጋር ነው።››

‹‹ሕጉማ ጠዋትም ነበረ›› አለች ዛምዛም፣ አቧራዋን እያራገፈች። ወደ ሀብተ ማርያም ዞረች። ‹‹ይኸ ግቢ የጓሮ በር አለው?››

ሀብተ ማርያም ባልደረቦቹን በዓይኑ ቃኘ። ከዚያ በአገጩ ወደ ግራ አመለከታት።

‹‹አንቺ እዚህ ቁሚ›› አለቻት ኑኃሚንን፤ ራሷ ግን አጥሩን ይዛ የጓሮው በር ላይ ልትቀመጥ ሄደች።